ቅሌትና አመኔታ፦ ስለ ታላላቅ ተቋማት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች ጎንደር ውስጥ ሻይ ቤት ሲገባ፣ ለቅሶ ሲደረስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ወረፋ ሲጠበቅ ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ በይፋ ከታወቁ ታሪኮች የተወሰዱ ሲሆኑ፣ የጸሐፊው የግል ፍርድ በገባበት ቦታ ይህንኑ ለመሸፈን አልተሞከረም።

ቅሌት የሚባለው ምን ዓይነት ጥፋት ነው?

ጥፋት በየመሥሪያ ቤቱ በየዕለቱ አለ፤ ሒሳብ ይሳሳታል፣ ፋይል ይጠፋል፣ ጉቦ ይበላል፤ አብዛኛው ግን ከግቢው አጥር አይወጣም። ጥፋት ቅሌት የሚሆነው ተቋሙ «የተቋቋምሁት ለዚህ ነው» የሚለውን ነገር ራሱን ሲነካና ነገሩ በአደባባይ ሲታወቅ ነው። በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኝቶ በተመለሰ ጊዜ፣ ከታሰሩት መካከል የወርቁን ትክክለኛነት መርምረው ማረጋገጫ የሚሰጡ ባለሙያዎች ይገኙበት ነበር። ዘራፊ ባንክ ሰበረ ቢባል ኖሮ ሕዝቡ ተደንቆ ይረሳው ነበር። ሳይረሳ የቀረው ዋስ የሆነው መስካሪ ራሱ ተጠርጣሪ በመሆኑ ነው።

ቅሌት ከተሰማ በኋላም ተገልጋዩ መምጣቱን ካላቋረጠ፣ አመኔታ ጠፋ ማለት ይቻላልን?

«ተገልጋይ አልቀነሰብንም» የሚለው መከራከሪያ ከኃላፊዎች አፍ ደጋግሞ ይሰማል። ነገር ግን የቦታ ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚገኘው ከአንድ መስኮት ብቻ ሲሆን፣ ሰው ወደዚያ መስኮት የሚሄደው አምኖ ሳይሆን ሌላ መሄጃ አጥቶ ነው። ስለዚህ የአመኔታ መጥፋት የሚታወቀው በተገልጋዩ ቁጥር ላይ አይደለም፤ አካሄዱን ማየት ያስፈልጋል። ጉዳይ የገጠመው ጎንደሬ ወዳጁን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» ብሎ ከሆነ ተቋሙ ገና ይታመናል። «እዚያ ቢሮ ሰው አለህ?» ብሎ ከጀመረ ግን፣ መሥሪያ ቤቱ በእርሱ ዓይን ሕግ የሚሠራበት ቦታ መሆኑ ቀርቶ የሰዎች መኖሪያ ሆኗል።

በአንድ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዕድሜያቸውን ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ አንድ ራፖር ጸሐፊ ይህን ለውጥ ያስተዋሉት በደንበኞቻቸው አነጋገር ነው። ቀድሞ ባለጉዳዩ አጠገባቸው ተቀምጦ ነገሩን ከሥሩ ካስረዳ በኋላ «እንዴት ብዬ ላመልክት?» ይላቸው ነበር፤ በአካባቢው ስለ አንድ ቢሮ መጥፎ ነገር በይፋ ከተሰማ ወዲህ ግን ገና ሳይቀመጥ «ለማን ብዬ ላመልክት?» ማለት አብዝቷል። «እኔ ለጽሕፈት ቤቱ ብዬ ስጽፍ፣ እነርሱ የሰውዬውን ስም ጨምርልኝ ይሉኛል» አሉኝ፤ በትዝብት እንጂ በቀልድ አልነበረም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከመጀመሪያው ቅሌት የከፋ ይመስለኛል። ሁሉም ሰው «ሰው» ሲፈልግ፣ «ሰው» የሆነው ሠራተኛ ውለታ ይቆለልለታል፤ ውለታው ወደ እጅ መንሻ፣ እጅ መንሻውም ወደ ታሪፍ ይለወጣል፤ በመጨረሻም በቅን ልቡና ወረፋውን የጠበቀው ሰው ሞኝ ተብሎ ይታለፋል። በዚህ መንገድ አንዱ ቅሌት ለሚቀጥለው መሬቱን አለስልሶ ይሄዳል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባልም ከነቀፌታነት አልፎ እንደ ምክር መነገር ይጀምራል።

ይበልጥ የሚጎዳው ጥፋቱ ነው ወይስ መሸፋፈኑ?

የሚታወቁት ታላላቅ ታሪኮች ወደ መሸፋፈኑ ያደላሉ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ የዝናብ መጥፋት የማንም ጥፋት አልነበረም። የመንግሥት ጥፋት የሆነው ረኃቡ እንዳይነገር መደረጉ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን የረኃብተኞቹን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ውስጥ ለማሳየት ሲጥሩ ባለ ሥልጣናቱ ነገሩን አቃለው ለማለፍ ሞከሩ፤ በኋላ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም ዓለምን ዞረ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ጎን ለጎን ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለአብዮቱ ከዚህ በፊት የተከማቹ ብዙ ምክንያቶች ነበሩ፤ ፊልሙ ብቻውን ዙፋን አልገለበጠም። ደርግ ለመጨረሻዋ ሌሊት የመረጠው ግን የመሬት ጥያቄን ወይም የደመወዝ ጥያቄን ሳይሆን የተደበቀውን ረኃብ መሆኑ፣ ሕዝቡን ከምንም በላይ የሚያስቆጣው ምን እንደሆነ ያውቅ እንደነበር ያሳያል።

በዚያው ክረምት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የጉዳዩ መነሻ ሰኔ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ዋተርጌት በተባለው ሕንፃ ውስጥ ባለው የተቀናቃኝ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡ ሰዎች መያዛቸው ነበር። ሰው አልሞተበትም፤ ይህ ነው የሚባል ንብረትም አልተዘረፈም። ፕሬዚዳንቱን የጣላቸው ምርመራውን ለማሰናከል የተደረገው ሙከራና ይህንኑ የያዘው በድምፅ የተቀዳ ንግግራቸው ነው።

ኃላፊዎቹ ከተቀጡ አመኔታ አይመለስምን?

ቅጣት ቁጣን ያበርዳል። አመኔታ የሚመለሰው ግን ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አሠራሩ መለወጡ ሲታይ ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ስለ ወሎ ረኃብና ስለ ሥልጣን አላግባብ መጠቀም ባለ ሥልጣናትን እየጠራ ይመረምር ጀምሮ ነበር፤ ይሁንና ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ሰዎች ያለ ፍርድ ሲገደሉ፣ በግልጽ ችሎት ሊነጠር የሚችለው እውነት ከእነርሱ ጋር ተቀበረ። ከአሥር ዓመት በኋላ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያው በተደበቀ ረኃብ ሌላውን የከሰሰ መንግሥት፣ ሰሜኑ እየተራበ አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በታላቅ ድግስ አከበረ፤ የረኃቡ ምስል በዓለም ፊት በሰፊው የታየው በዓሉ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ወር ነው። ሰዎቹ ሙሉ በሙሉ ተለውጠው ነበር፤ የመደበቅ ልማዱ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

ቅሌት ሥልጣን ሲቀያየር ብቻ የሚገለጥ ከሆነስ?

ለዚህ አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚል አባባል አላቸው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭር አጠራሩ ሜቴክ፣ 37 ቢሊዮን ብር ያህል የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን በይፋ ሲናገር ብዙ ሰው ተደንቋል፤ ነገር ግን በጎንደር ሻይ ቤቶች ወዲያው ይነሣ የነበረው ጥያቄ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» የሚል ነበር። ጥያቄው ክሱን ሐሰት አያደርገውም። የሚያሳየው፣ ከወቅቱ የዘገየ እውነት መርማሪውንም ጭምር ለጥርጣሬ እንደሚያጋልጥ ነው።

ተቋም አመኔታ አጥቶ ስሙንና ሕንፃውን እንደያዘ ሊኖር ይችላልን?

ይህን ለመጠየቅ ከጎንደር የተሻለ ቦታ የለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር፣ በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገደሉ፤ በምትካቸው ያነገሡት አፄ ዮሐንስ ሁለተኛም ብዙ ሳይቆዩ በመርዝ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ እስከ 1847 ዓ.ም. በዘለቀው ዘመነ መሳፍንት የፋሲል ግቢ አልፈረሰም፣ የንግሥ ሥርዓቱም አልተቋረጠም፣ አዋጅም በንጉሥ ስም ይነገር ነበር፤ ሥልጣኑ ግን ከግቢው ወጥቶ በራሶቹ እጅ ገብቷል። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ስለ ወረዱ ሕዝቡ «ፍጻሜ መንግሥት» ሲል ሰየማቸው። ከዙፋን መውረድ ሽንፈት ነው፤ በዚያው ዙፋን ላይ ደግሞ ደጋግሞ ማንም ሳይፈራው መቀመጥ ግን ሌላ ስም ያስፈልገው ነበር፣ ጎንደርም ስሙን አገኘችለት። ዛሬ ቱሪስት ሲያስጎበኙ ይህን ክፍል ፈጠን ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ከግንቡ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው እርሱ ይመስለኛል።

አንድ ድርጅት ሲቀል ሌሎቹ ለምን አብረው ይታማሉ?

አመኔታ በሰንሰለት የተያያዘ ስለሆነ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ፤ አምስት ወር ከማይሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች አንድ አነፍናፊ የተሳሳተ መረጃ ሲሰጠው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነበር፤ የኢንዶኔዥያው አደጋ እስኪደርስ ድረስ አብራሪዎች ይህ ሥርዓት መኖሩን በወጉ አልተነገራቸውም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማስታወስ ያስፈልጋል። ቻይናና ኢትዮጵያ በማግሥቱ አውሮፕላኑን ሲያግዱ፣ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለ ሥልጣን ለመብረር ብቁ ነው ብሎ ነበር፤ ያገደው መጋቢት 4 ቀን ነው። በውጭ አገር አንዳንዶች ጥፋቱን ወደ አፍሪካዊ አብራሪ ለማዞር ሲቸኩሉ፣ የኢትዮጵያ መርማሪዎች መጋቢት 26 ቀን ባወጡት የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ደጋግመው እንደፈጸሙ ገለጹ። አምራቹ ቦይንግ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ከገንዘቡ ይልቅ ከባዱ ኪሳራ፣ ቀድሞ የአሜሪካን ማረጋገጫ ተቀብለው ያልፉ የነበሩ አገሮች አውሮፕላኑን ራሳቸው መመርመር መጀመራቸው ነው፤ አውሮፓውያን ይህን አደረጉ። ጥፋቱ የአምራቹ ሆኖ ሳለ የተቆጣጣሪውም ፊርማ ዋጋ ቀነሰ፤ የዚያ ፊርማ ክብር ደግሞ በገንዘብ የማይተካ፣ ዓመታት የፈጀ ሥራ ነበር።

በአንጻሩ አየር መንገዳችን ከአደጋው በኋላ በብዙዎች ልብ አልወረደም። ከአዘዞው አየር ማረፊያ የሚነሣ መንገደኛ የአውሮፕላኑን ዓይነት መጠየቅ እንደ ጀመረ እኔም አስተውያለሁ፤ አየር መንገዱን ግን አልተወውም። አደጋ የደረሰበትና እውነቱን ያወጣው ወገን አንድ በመሆኑ ይመስለኛል።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ በጥፋቱ እጁ የሌለበት ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ በሰፊው ወደ ገበያና ወደ ሌላ ቦታ መዘዋወሩ ሲደረስበት፣ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመጀመሪያ በትግራይ፣ ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ በመላው አገሪቱ እርዳታውን አቆሙ። እገዳው ስደተኞችንም ጨመረ፤ ከእኛ በስተሰሜን በዳባት ወረዳ በዓለም ዋጭ የተጠለሉት ኤርትራውያን ምንም ሳይሰርቁ ራሽናቸው ተቋረጠ። ለስደተኞቹ የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ሰጪው አመኔታውን ለመጠበቅ የወሰደው እርምጃ የተቀባዩን አመኔታ እንዳጠፋ በዚያ ሰሞን የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም።

ሌላው ምሳሌ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ነው። ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ኮምፒዩተር ሥርዓት በራሱ ስሕተት የሌለ የገንዘብ ጉድለት እያሳየ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ የሚሆኑ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው፤ ፍርዱን በጅምላ የሰረዘው ሕግ የወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አገር የቢሮ ሠራተኛ «ሲስተም የለም» ሲለን እንበሳጫለን፤ እነዚያን ሰዎች ያጠፋቸው ግን «ሲስተሙ አይሳሳትም» የሚለው ቃል ነው። መታወቂያውም ባንኩም ወደ ኮምፒዩተር በሚገባበት በዚህ ወቅት፣ ከሁለቱ አባባሎች የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራ ማሰብ ይገባል።

አመኔታ እንዴት ይለካል?

በጥንት ጊዜ ነገሥታት የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ከብቶቹን ይዞ ሲያዜም የሚሰማው የለም ብሎ ስለሚያስብ አይዋሽም ነበር። በአሁኑ ዘመን በቃለ መጠይቅ ይጠናል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 መንግሥት ብዙውን ጊዜ ትክክለኛውን ይሠራል ብለው የሚያምኑት ከመቶ 77 የነበሩ ሲሆን በ1974 ወደ 36 ወርደዋል። ይህን ሁሉ ለዋተርጌት ብቻ መስጠት ግን ስሕተት ነው፤ በመካከሉ የቬትናም ጦርነት አለ፣ ቁጥሩም ከዋተርጌት በፊት መውረድ ጀምሮ ነበር። ሙስናን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ለኢትዮጵያ በ2023 እ.ኤ.አ. የሰጠው ከመቶ 37 ነጥብ ደግሞ የሚለካው ሙስናው ራሱ ምን ያህል እንደሆነ ሳይሆን ባለሙያዎችና የንግድ ሰዎች የሚገምቱትን ነው።

ሐሜትን ከእውነተኛ ቅሌት በምን እንለያለን?

አንድ ሰነድ ወይም በስሙ የሚናገር ሰው መኖሩን፣ የተከሰሰው ወገንም መልስ የመስጠት ዕድል ማግኘቱን ማየት ነው። በቴሌግራም ሌሊቱን የሚዞር የስም ዝርዝር ሁለቱንም አያሟላም።

እድርና እቁብ ያለ ኦዲተር እንዴት ይታመናሉ?

ያለ ኦዲተር አይደሉም፤ ሁሉም አባል ኦዲተር ነው። በምኖርበት ሰፈር እድር ከጥቂት ዓመታት በፊት የገንዘብ ያዡ ሒሳብ ጎደለ። ዳኛው ጉዳዩን በሽማግሌ በጓዳ ለመጨረስ ፈለጉ፤ አንዲት እናት ግን በስብሰባው መካከል ተነሥተው «በአደባባይ የከፈልነው በአደባባይ ይቈጠር» አሉ፤ መዝገቡም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ተነበበ። የጎደለው አብዛኛው ያልተመዘገበ የድንኳን ኪራይ ሆኖ ተገኘ፤ ቀሪውን ሰውዬው ከፈሉ። እድሩ አልፈረሰም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ወርኃዊ መዋጮ የሚያዘገየው ሰው ቀነሰ። ሚስጥሩ ቀላል ነው፤ አባላቱ ተቈጥሮ ያዩትን ገንዘብ ስለሚያውቁ ነው። ትልቅ ተቋም ግን ሁሉንም ባለጉዳይ ሰብስቦ መዝገብ ሊያነብ አይችልም፤ በእርሱ ፋንታ የሚያነቡለት ዋና ኦዲተር፣ ምክር ቤትና ጋዜጠኛ ናቸው፤ እነዚህ ሲዳከሙ ቅሌቱ ከተቋሙ ቀድሞ በሐሜት ይደርሰናል።

ተራው ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

ሕጎቹ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተሻሉ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ ይሰጣል፤ በአስተዳደር በደል የተጎዳ ሰውም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ሊያመለክት ይችላል። በእነዚህ ድንጋጌዎች ለመጠቀም ያለው ችግር አንድ ነው፤ በቃል ብቻ የተጠየቀ ነገር ማስረጃ የለውም። በአፍ የጠየቀ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ከተባለ መጠየቁን ማስረዳት አይችልም።

ከላይ የጠቀስኋቸው ራፖር ጸሐፊ ስለዚህ ጉዳይ ከማንኛውም የሕግ ባለሙያ ያጠረ ምክር አላቸው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና፣ ባለጉዳዩ ስሙን ያስገቡልኝ ያለውን ባለ ሥልጣን ሰርዘው «ለጽሕፈት ቤቱ» ብለው ይጽፋሉ፤ ከዚያም «አንዱን ስጣቸው፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳያስመታህ እንዳትወጣ» ብለው ይልኩታል።